በርጩማ ይዞ የሚቆመው ሰው

ጠዋት ብርድ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ፍሬሽ የሚሏቸው አዲሶቹ ተማሪዎች ሊገቡ ነው ከተባለ ወዲህ ሰፈራችን እግሩን አላሳረፈም። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሳር ያጭዳሉ፣ ፍራሽ በመኪና እየጫኑ ያስገባሉ፤ በሩ ፊት ለፊት ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ቀለም ይቀባሉ። እኛ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለነው ደግሞ ትርፍ ክፍል ያለን እንጠርጋለን። ከቀኑ ቀድሞ የሚመጣ፣ ወይ አውቶቡሱ ተበላሽቶ የመሸበት ልጅ ሁልጊዜ አይጠፋም። እሱን አባ ዲጋ ከመናኸሪያ ይዞት ይመጣና በየቤታችን ያሳድረዋል። እኔ ጋ ሁለት አልጋ አለ፤ ለዚያ ነው የማጥበው። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ፣ ቲማቲም የምትቸረችረው፣ ባንድ በኩል ጫፉን ይዛልኝ እየጠመዘዝን ነው። ጅሬን ተራራ ላይ ደመናው ሳይወርድ ላስጣው ብዬ እጣደፋለሁ።

የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ኮሽ አለ። ሰዓቱ የአዛን አይደለም። ሼኹ «ኢና ሊላሂ» አሉ፤ ሰው ሞቷል ማለት ነው። አባ ዲጋ ብለው ሲጠሩ እንኳ በልቤ ሌላ ሰው ፈለግኩ፤ ጅማ ውስጥ አባ ዲጋ የሚባል ስንት አለ። «በርጩማ ሠሪው» ሲሉ ግን ሌላ የለም። ብርድ ልብሱን እትዬ አስካለ እጅ ላይ ትቼው፣ እጄን በቀሚሴ እየጠረግኩ ሄድኩ።

ትናንት እኮ በአጥሬ በኩል አልፏል። አጥሩን በዱላው ኳ ያረገዋል፤ «አለሽ ወይ?» ማለቱ ነው። «አለሁ» ካልኩት ያልፋል፣ አይቆምም። ትናንት ግን ቆመ። «አዴ ፋጤ፣ ነገ የራሴን እቀበላለሁ» አለኝ። ፊቱ ሙሽራ መስሎ ነበር። ጠዋት እየሮጥኩ ጆሮዬ ላይ የነበረው ያ ቃል ነው።

የራሴን ያለው ልጁን ነጂብን ነው። ቆይ፣ እሱን በተራው እነግርሻለሁ። አንቺ ሪሃና፣ የልጅ ልጄ፣ እንዳልኩሽ ጻፊው፣ አታርሚኝ።

አባ ዲጋ እኩያዬ ነው። አንቱ ስለው «አስረጀሽኝ» እያለ ስለሚቆጣ አንተ ነበር የምለው። ረጅም ነው፣ ቀጭን፣ አንገቱ ጋ ጎበጥ ያለ፤ ዝናብ የመታው የሙዝ ቅጠል ነው የሚመስለው። ዋንዛ እየጠረበ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይሠራል። ከአንድ ግንድ ነው የሚያወጣው፤ ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው። ሰፈራችን ውስጥ የሱ በርጩማ የሌለበት ቤት የለም። እሱ ራሱ ግን ሲቀመጥ አይታይም። ቆሞ ይበላል። በርጫ ላይ ወንዱ ሁሉ ተጋድሞ ሲቅም እሱ መቃኑን ተደግፎ ነው። ሚስቱ አዴ ሙና ምን ትላለች፣ «ለሰው ሁሉ መቀመጫ ይሠራል፤ እሱን ግን አላህ ጉልበቱ ላይ ማጠፊያ ሳያረግለት ነው የፈጠረው።»

ነጂብ አንድ ልጃቸው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው ወደ ሰሜን፣ ሩቅ አገር መደቡት። ልጁ እስከዚያ ድረስ ከሰኮሩ ወዲያ አያውቅም፤ ሰኮሩንም ያየው እኔ ለዘመድ ሠርግ ወደ ተወለድኩበት ስሄድ ይዤው ነው፣ ያውም መንገዱን ሙሉ እያስታወከ። አባ ዲጋ ነገሩ አልዋጥ አለው። እዚህ ደጃችን ላይ ዩኒቨርሲቲ እያለ የኛ ልጅ እዚያ ይሄዳል፣ የዚያ አገር ልጅ እዚህ ይመጣል፤ ምነው እዚያው በየቤታቸው ቢተዋቸው እያለ ሰነበተ። ልጁ ግን ሄደ።

ሄዶ ሲደውል ምን አለ መሰለሽ። መናኸሪያው ላይ ወርጄ ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለ፣ ቆሎ የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ እጄን ይዛ ቤቷ ወሰደችኝ፤ አበላችኝ፣ አሳደረችኝ፣ ጠዋት እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ ሸኘችኝ አለ። አባ ዲጋ ስልኩን ዘጋና ግቢውን ዞረ፣ ዞረ። ከዚያ አዲስ ከጠረባቸው በርጩማዎች አንዱን አንሥቶ ወጣ። «ብድር በምድር ነው» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ተማሪ የሚገባበት ሰሞን በደረሰ ቁጥር፣ የመናኸሪያ ሰው ሆኖ ቀረ።

እንዴት እንደሚያረግ ሄጄ አይቻለሁ። እንደ ደላላ አይጮህም፣ ሻንጣ አይጎትትም። ሻንጣውን በሁለት እግሩ መሃል አጣብቆ ግራ ቀኝ የሚያየውን ልጅ ነው የሚፈልገው። ካገኘው ፊቱ ሄዶ በርጩማውን ያስቀምጥለታል። «ዱርሳ ታኢ» ይለዋል። ኦሮምኛ ላልሰማው ደግሞ «መጀመሪያ ተቀመጥ።» ስምህ ማነው የለ፣ ከየት ነህ የለ። የቆመ ሰው ገና አልደረሰም ይላል አባ ዲጋ፤ እግሩ ቢደርስም ልቡ መንገድ ላይ ነው፣ ሲቀመጥ ነው የሚደርስበት። ልጁ ሲቀመጥለት እሱ ይዞርና ጀርባውን ይሰጠዋል።

ለምን እንደሚዞር ያወቅኩት አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ነው። አይዞሽ አላላትም። ያን ረጅም ጀርባውን እንደ መጋረጃ ገትሮ፣ ዕቃ ተሸካሚዎቹን እያየ ዝም ብሎ ቆመ። ማንም አላያትም። ሲበቃት አፍንጫዋን ጠርጋ ተነሣች። እሱም ምንም እንዳልሰማ «እንሂድ» አለ። ወደኔ ነው ያመጣት፤ አሁን ሐኪም ሆናለች፣ ለኢድ ትደውልልኛለች።

በርጩማውን ማንም አይነካበትም። አንድ ተሸካሚ ደክሞት ቢቀመጥበት በዱላ ነው ያባረረው። ለኔ እንኳ አምጣ ልያዝልህ ስለው አይሰጠኝም።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ነጂብ ያለበት አገር መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። አለም የለ፣ ሞተም የለ። አባ ዲጋ የባሰበት ያኔ ነው። ዎርክሾፑን ዘጋ። ተማሪ በማይገባበት ወር ሁሉ መናኸሪያ መዋል ጀመረ። ቡና ሊለቅም ከሩቅ ለመጣ የቀን ሠራተኛ ሁሉ በርጩማ ያቀርባል፤ ሠራተኛው ደግሞ ምን ሊያስከፍለኝ ነው ብሎ ይሸሻል። ሰው አበደ አለ። አዴ ሙና «ተዉት፣ ቤት ከዋለ ወለሉን በእግሩ ይጨርሰዋል» አለች። እኔም አላስችል ብሎኝ አንድ ቀን፣ ምን እየጠበቅክ ነው ብዬ ጠየቅኩት።

«እኔ እዚህ ከተውኩ፣ እሷም እዚያ የምትተው ይመስለኛል» አለኝ።

እሷ ያለው ያቺን ቆሎ ሻጭ ነው።

የዮናስ ነገር የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ቀን ከመሸ፣ ቀጭን፣ ጢሙ ያልሞላ፣ ሹራብ እንኳ ያልያዘ ልጅ አመጣልኝና «ፍሬሽ ነው፣ አብዪው» ብሎኝ ሄደ። በኛ ቤት እንግዳ የሚጠየቀው በልቶ፣ አድሮ፣ ፊቱን ከታጠበ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከየት መጣህ፣ ምን ፈልገህ ነው ማለት ነውር ነው። ልጁ «እማማ፣ እኔ እኮ» ባለ ቁጥር «ብላ» እለዋለሁ። ገንፎውን በቅቤ አርጌ ሰጠሁት። ጫት እንዳትለምድ አልኩት። የዚህ አገር ዝናብ ሳይነግርህ ነው የሚመጣ፣ ልብስህን አስጥተህ ርቀህ እንዳትሄድ አልኩት። ከአስተማሪ ጋር እንዳትጣላ፣ አስተማሪ ቂመኛ ነው አልኩት። አንገቱን ደፍቶ «እሺ እማማ» አለ።

ጠዋት አባ ዲጋ ሻንጣውን በትከሻው ተሸክሞ ወስዶ ፍሬሾቹ ሰልፍ ውስጥ አቆመው። ዘበኛው ወረቀቱን ሲያይ ብድግ ብሎ፣ መምህር፣ እርስዎ በዚህ በኩል ነው አለው። ለካ ልጁ ሊያስተምር የመጣ ነው። እኔ ሹራብ ላቀብለው ተከትያቸው ነበር፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባ ዲጋ ግን አላፈረም። አስተማሪም ቢሆን መጀመሪያ መቀመጥ አለበት አለ። ዘበኛው እየሳቀ ከየት ነው የመጡት ብሎ ጠየቀ። ዮናስ የከተማውን ስም ጠራ።

ነጂብ ያለበት ከተማ ነው። መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያ በወጣው መኪና ነው የመጣው። ሻንጣው ከአባ ዲጋ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሌሊቱን ሙሉ እሱ እዚያ ቤቱ ግቢውን ሲዞር፣ እዚህ እኔ አልጋ ላይ ወሬው ተኝቷል። ነውር ነው ብለን ሳንጠይቅ አደርን።

ዮናስ ነጂብን አያውቀውም፤ ከተማው ትልቅ ነው። ግን ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ የከተማው ሰው ተማሪዎቹን በየቤቱ እንዳስጠጋ ያውቃል። ለእናቱ ሰው ላከባት፣ እሷም ሰው ጠየቀች፣ ያ ሰው ደግሞ ሌላ ሰው ጠየቀ። አባ ዲጋ በየቀኑ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ነው። ዮናስ፣ ሳስተምር በመስኮት ያ ጎባጣ አንገት እየታየኝ የምለው ይጠፋኛል ይል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ስልኩን እንደያዘ እየሮጠ ሰፈራችን መጣ። ለአባ ዲጋ ሰጠው። እኔ የሰማሁት «አባቴ» የሚለውን ድምፅ ብቻ ነው። አባ ዲጋ ያኔ ተቀመጠ። በርጩማው አጠገቡ ነበር፣ እሱ ግን ጭቃው ላይ ነው ዘጭ ያለው። በዕድሜዬ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ነጂብ ያን ሁሉ ጊዜ ቆሎ ሻጯ ቤት ነበር የከረመው።

ይመጣል ስንል ግን ሳይመጣ ቀረ። ትምህርቱን እዚያው ጨረሰ፣ ሥራም እዚያው አገኘ። ሴትዮዋ አልጋ ላይ ዋለች፣ ልጅ የላትም፤ እንዴት ጥያት እመጣለሁ አለ። አባ ዲጋ ምን ይበል። ደግ አረገ ይላል በአፉ፤ ዓይኑ ግን ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሁሉ እየፈተሸ ነው። አምና የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ወሬውን ሰሙና፣ ፍሬሾቹን አዳራሽ ውስጥ ስንቀበል በርጩማውን አውሰን፣ መድረክ ላይ እናስቀምጠው ብለው በዮናስ በኩል ለመኑት። «እኔ ሳልሞት ከእጄ አይወጣም» አላቸው። ተሳቀ። ዮናስም ለነጂብ በስልክ ነግሮት፣ ሁለቱ እንደ ጉድ ስቀውበታል።

ዘንድሮ ሴትዮዋ አረፈች። ነጂብ አርባዋን አውጥቶ፣ አሁን መጣሁ አለ። ትናንት አዲስ አበባ ገባ። ለዚያ ነው አባ ዲጋ ነገ የራሴን እቀበላለሁ ያለኝ።

ቤታቸው ስደርስ አዴ ሙና እንባ የላትም። የንጋቱን ሱብሒ ሰግዶ መጣ፣ በርጩማውን በዘይት ሲወለውል ነበር፣ ቀና ሲል ወደቀ አለችኝ። ሁለት ቃል የለም። ነጂብ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ተሳፍሯል፣ ምንም አያውቅም። ሼኹ ጀናዛ አይቆይም፣ ከቀትሩ ሶላት ከዙህር በኋላ እንቀብራለን አሉ። አዴ ሙና ያኔ ነው ድምፅ ያወጣችው። «ልጁ ሳይሰግድበት አፈር አታልብሱብኝ» አለች። ሼኹ ቀልጠፍ ያሉ ሰው ናቸው፣ ሰዓት ይወዳሉ። እሺ፣ ከሰዓት እስካለው የዐስር ሶላት፣ ከዚያ ግን አንድ ደቂቃ የለም አሉ።

ሌላው ነገር መርዶው ነው። መንገደኛ መንገድ ላይ መርዶ አይነገረውም። ቤቱ ገብቶ፣ ዘመድ ከቦት፣ ተቀምጦ ነው። እና ተማከርን፤ አባትህን ትንሽ አሞት ቤት ተኝቷል እንለዋለን ብለን ተስማማን። ወንዶቹ ቁፋሮ ላይ ናቸው። ዮናስ ይቀበለው እንዳይባል ዓይኑ አብጦ በርበሬ መስሏል፤ እሱ ባጃጅ ይዞ ከውጭ ይጠብቅ ተባለ። እኔን ፊቴን አሳጠቡኝ፣ ሻሼን ለወጡልኝ፣ ሳቂ ሁሉ አሉኝ። ልወጣ ስል አዴ ሙና በርጩማውን አምጥታ አሳቀፈችኝ። ለልጁ ያሰናዳው ነው፣ እንደሱ አርገሽ ተቀበዪልኝ አለች። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ ሼኹም ቆመው፣ ማናችንም ምንም አልታየንም። ስለ ፊቴ ስንጨነቅ እጄን ያየ የለም።

መናኸሪያው ሠርግ ነው የሚመስለው። የዩኒቨርሲቲው ልጆች አንድ ዓይነት ሰደርያ ለብሰው፣ ጨርቅ ላይ እንኳን ደህና መጣችሁ ብለው ጽፈው፣ ሞንታርቦው ይጮሃል። አንድ አውቶቡስ ይገባል፣ ፍሬሾች ይወርዳሉ፣ ያጨበጭባሉ። ሌላው ይገባል። የነጂብ አይደለም። አዴ ሙና ሰው ላከችብኝ፤ ደውሎ ሰኮሩ ደርሰናል ብሏል፣ እኔም እሺ ልጄ ብዬ ዘጋሁት አለች። እንዴት አርጋ በደህና ድምፅ እንዳወራችው አላህ ነው የሚያውቅ። ከሰኮሩ ወዲህ ያለውን መንገድ እኔ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። እያንዳንዱን ጠመዝማዛ በልቤ ነዳሁት። እዚህ ጋ ደርሷል፣ እዚህ ጋ ደርሷል እላለሁ፤ ጨርሼው መናኸሪያ አስገባዋለሁ፣ አውቶቡሱ ግን የለም። ተመልሼ ከሰኮሩ እጀምራለሁ። ጅሬን ላይ ደመናው ጠቁሮ ወርዷል። አንዷ ፍሬሽ ሻንጣዋን በእግሯ መሃል አጣብቃ ቆማ አየሁ። ልተዋት ብል አልቻልኩም፤ አስቀመጥኳት፣ ዞርኩላት። ስትነሣ እንኳ ስሟን አልጠየቅኳትም።

የሱ አውቶቡስ የገባው ተስፋ ስቆርጥ ነው። ነጂብን በፊቱ አላወቅኩትም፣ ጢም አውጥቷል፣ ጎልምሷል። በአንገቱ ነው ያወቅኩት። ደረጃው ላይ ቆሞ ከሰው ራስ በላይ፣ ከፍ አርጎ ያያል። ረጅም ሰው እየፈለገ ነው። እኔ አጭር ነኝ። ዓይኑ አለፈኝ፣ ተመለሰ፣ ዝቅ አለ። በርጩማውን አየ። ከዚያ የያዘውን እጅ አየ።

አፌ ውስጥ ያሰናዳሁት ውሸት ነበረ። ትንሽ አሞት ነው ልለው። መጥቶ ፊቴ ቆመ፤ ሰላም አላለኝም። ምን ላርግ፣ በርጩማውን መሬት አስቀመጥኩለት።

«ዱርሳ ታኢ» አልኩት።

ተቀመጠ። ሻንጣውን በእግሩ መሃል አረገ። ቀና ብሎ ሳያየኝ «ቀበራችሁት?» አለኝ።

«እየጠበቀህ ነው» አልኩት።

ከዚያ ዞሬ ጀርባዬን ሰጠሁት። እኔ እንደ አባ ዲጋ ረጅም መጋረጃ አይደለሁም፤ ነጠላዬን በሁለት እጄ ዘርግቼ ቆምኩ። ሞንታርቦው ይዘፍናል። ዮናስ ከባጃጁ ወርዶ ሰዓቱን እያሳየ እጁን ያወዛውዛል። ሼኹ አንድ ደቂቃ የለም ብለዋል። እግሬ ሥር እሳት ያለ ይመስለኛል፣ ተነሥ ልለው አፌ ላይ ይመጣል። አልዞርኩም፣ አላልኩትም። ቆይቶ እሱ ራሱ «እንሂድ አዴ» አለ። በርጩማውን አነሣው። ባጃጁ ውስጥ ጭኑ ላይ አቅፎት ነው የሄደው።

እኛ ስንደርስ ሰልፉ ተሠርቷል፣ ጀናዛው ፊት ለፊት ነው። ሼኹ ሶላቱን ሊጀምሩ፣ ተክቢራ ሊያረጉ እጃቸውን አንሥተው ነበር። የባጃጁን ድምፅ ሰምተው አወረዱት። ነጂብ በርጩማውን አጥሩ ሥር ለኔ ትቶልኝ ጫማውን እያወለቀ ሮጠ፤ የፊተኛው ሰልፍ ተከፍቶ አስገባው። አልሐምዱሊላህ። ሴቶቹ ከውጭ ቆምን። ዝናቡ የወረደው አፈሩን ሲመልሱ ነው አሉ።

ቤቴ ስመለስ ብርድ ልብሶቼን እትዬ አስካለ ሰብስባ አስገብታልኛለች። አንዱ አልደረቀም። ምድጃው ዳር ዘርግተን ጫፍና ጫፉን እንደያዝን፣ ያስጨነቀኝን ነገርኳት። ያ ሁሉ ሰው መንገድ ላይ እንዳይሰማ ብሎ ሲጠነቀቅ፣ እኔ ያን ሳልሞት ከእጄ አይወጣም ያለውን በርጩማ፣ መርዶውን ራሱን፣ ታቅፌ ሄድኩ፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ ዘፈን በሚዘፈንበት መሃል አረዳሁት አልኳት። እትዬ አስካለ ጫፉን አቃናችና፣

«ተይ እንግዲህ ፋጤ፣ ልጁ ተቀምጦ ነው የሰማው» አለችኝ። «እኔ የእናቴን ገበያ መሃል ቆሜ ነው የሰማሁት።»